ከፍ ዝቅ ይበል

ማክሉፍ ጂፑን አመጣው፣ እሑድ በማለዳ፤
በላዩ የዋዲ ደለል፣ ገና ያልጸዳ፤
ጎማው እስከ ወገቤ፣ ባሌስትራው አዲስ፣
ስምንት ጣት ከፍ ያደረገው፣ ሆዱን ድንጋይ እንዳይደርስ።
«ዳገት ላይ» አለኝ፣ «ነዳጅ ስሰጠው፣
ኋላው እንደ ሚዳቋ ይነጥራል፣ ምን ነክቶት ነው?
በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ክሮቼራ በላ፤
እኔም በልቼ አላድር፣ እሱን ሳበላ።»

«ፍሬኑን ያዝ፤ በከባዱ ማርሽ፣ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጥ።»
ካርቶን አንጥፌ ገባሁ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ባትሪዬን አብርቼ።
ያን ጊዜ አየሁት፤
ጎማው መሬት ነክሶ አልላወስም ሲል፣
ጉልበቱ መውጫ አጥቶ በገዛ ብረቱ ሲጠቀለል፣
ባሌስትራው ከፊት ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ታች
እንደ እባብ ሲጥመለመል፤
የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያሸት፣
የካርዳኑ አንገት ሲጣመም፤
ከዚያ ማክሉፍ እግሩን ሲያነሣ፦ ኳ!
ደግሞ ኳ!

አባቴ ይስማው ሙያ የቀሰመው አዘዞ ነው፤
ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፣ እንደ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው።
እዚህ የሩሃም ግን የኋላው አክስል «በካክስ» ነው ስሙ፤
ከእንግሊዝ የተረፈ፣ «የኋላ» ማለት ነው ትርጉሙ።
የፊተኛውንም «የፊት በካክስ» ይሉታል፤
የፊት የኋላ! አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይስቅበታል።
«እኔም እንደሱ ነኝ» ይላል፣ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ።
ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ቅጠል ልጨምርበት? ይጠነክራል፤ ግን የሰው ወገብ ይፈጃል።
ወፍራም ቱቦ ቆረጥኩ፣ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው፣
ሁለቱንም ጫፍ በቡሎን ጠረቅኩት።
«በል አሁን ተጠቀለል!» አልኩት፣ በኩራት።
ከታላቁ ማክቴሽ አፋፍ፣ በጠጠሩ ቁልቁለት፣
አንዱ ጎማ ቦይ ገባ፣ ሌላው ቋጥኝ ላይ ወጣ፤
ጂፑ እንደ ቃሬዛ ግትር አለ፤
ቱቦዬም ከነብየዳው ተገንጥሎ መጣ።

አባቴ ተንበርክኮ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
ቆየ። ላቡን አበሰ።
«ምንድን ነው የከለከልሽው?»
«እንዳይጠቀለል።»
«ሌላስ?»
ዝም አልኩ።
«ከፍ እንዳይል፣ ዝቅ እንዳይልም ከልክለሽዋል፤
ታዲያ ባሌስትራ ምን ሊሠራ ተፈጥሯል?
አንዱን ከልክይው፣ ልጄ፤ አንዱን ብቻ፤
ለቀረው ተይለት፣ መፈናፈኛ።»

ማታውን ዥዋዥዌ ሠራሁለት፤
ሁለት የብረት ጆሮ ከሻንሲው አንጠልጥዬ፣
በየጫፋቸው ጎሚኒ፤
የቱቦው ፊት እዚያ ላይ አረፈ፤
ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል፣
ወደ ላይ ግን አይገፋም፣ ወደ ታችም አይጎትትም።
ርዝመቱን ከካርዳኑ ጋር አመጣጠንኩ፣
አብረው እንዲነሡ፣ አብረው እንዲያርፉ።
የኋላውን ጫፍ አክስሉ ላይ ከላይም ከታችም አሰርኩት፤
እዚያ ምሕረት የለም።
አባቴ ባትሪ ይዞልኝ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
ብርሃኑ ራሱ ከፍ ዝቅ እያለ፣
ብየዳውን ሳልጨርስ ሌሊቱ ጋመሰ።

ሐሙስ ያንኑ ዳገት ወጣነው።
ጎማው ቋጥኙን ነከሰ፤ ባሌስትራው ተለጠጠ፣ ተሰበሰበ፣
ጠጠር ብቻ ከሥራችን ይንሿሿል።
አፋፉ ላይ ማክሉፍ አቆመ፤ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ጆሮውን አቀና።
«ምን ሆነ? ምንም አይሰማም!» አለኝ፣ ፊቱ ገርጥቶ፤
ለካ ሰው ይፈራል፣ የለመደው ሕመም ድንገት ጠፍቶ።
አባቴ ከኋላ ወንበር እንቅልፉን ይለጥጣል።

ማክሉፍ ግማሹን ከፈለኝ፤
ለቀሪው ከእህቱ ማሳ አንድ ሳጥን ቃሪያ።
ያ የመጀመሪያው ቱቦ ግን አልተጣለም፤
ሻራቭ ከበረሃው ሲነሣ የጋራዡን በር ይደግፋል።
እዚያ፣ ግትርነቱን ማንም አልነቀፈበትም።